አረፋው ቆሟል፤ ዛሬ ማታ ጠርሙስ ውስጥ ልክተተው? (የቤት ውስጥ ሳይደር፣ ከአፕል ጁስ የሚጠነሰስ አልኮል)

ጀማሪ_ጠንሳሽ · ሰኞ ማታ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሁሌ አንብቤ ዝም ብዬ ነበር የምወጣው። ዛሬ ግን ቸግሮኝ መጣሁ።

የዛሬ 11 ቀን 4 ሊትር የአፕል ጁስ ገዝቼ 5 ሊትር የሚይዝ ትልቅ ጠርሙስ ውስጥ ገለበጥኩት። ላዩ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ የዳቦ እርሾ በተንኩበት። አፉን በፊኛ ሸፈንኩና ፊኛውን በመርፌ አንዴ ወጋሁት። በቃ፣ ሌላ ያደረግኩት ነገር የለም።

በማግስቱ ፊኛው ቀጥ ብሎ ቆመ። ጠርሙሱ ውስጥ ደግሞ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። አዲስ ሕፃን እንዳለበት ቤት ሌሊት እየተነሳሁ አየው ነበር። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ግን ፊኛው ተኝቷል። አረፋም የለም። ከታች ነጣ ያለ አተላ ተኝቷል፣ ላዩ ግን አሁንም ድፍርስ ነው። ትንሽም የገማ እንቁላል ይሸታል።

ቅዳሜ እንግዳ አለብኝ። አረፋው ካቆመ አልቋል ማለት ነው አይደል? ባዶ የወይን ጠርሙሶች አጥቤ አዘጋጅቻለሁ። ትንሽ ስኳር ጨምሬ ዛሬ ማታ ብከድነው እስከ ቅዳሜ ጋዝ ይይዛል?

---

የጓዳ_ሽማግሌ · ሰኞ ማታ

ልጄ፣ እንዳትከድነው! መጀመሪያ ይህቺን አንብብና ሌላውን ትደርስበታለህ።

ፊኛ መለኪያ አይደለም። ፊኛ የሚነግርህ ጋዝ ከሚያፈሰው በላይ እየገባ መሆኑን ብቻ ነው። ፍጥነቱ ሲቀንስ በወጋኸው ቀዳዳ ይወጣና ፊኛው ይተኛል። ውስጥ ያለው እርሾ ግን ገና ስኳር እየበላ ሊሆን ይችላል። ክፍሉ ስለቀዘቀዘ ብቻ አረፋ የሚቆምበት ጊዜ አለ። ሲሞቅ ደግሞ ይነሳል። ያን ጊዜ ጠርሙሱ ተከድኖ ከሆነ ነው ጉዱ።

የራሴን ላውራህ። በጀመርኩ ሰሞን እንዳንተው አረፋ ቆመ ብዬ ስድስት የመስታወት ጠርሙስ ሞልቼ ቁም ሳጥን ውስጥ ደረደርኩ። አሥር ቀን ሰላም ነበር። አንድ ሌሊት እንደ ጥይት ጮኸ። ደንግጬ መብራት ሳበራ ከቁም ሳጥኑ በር ስር ሳይደር ይፈሳል። በሩን ልከፍት እጄን ዘርግቼ ሳለ ሁለተኛው ፈነዳ። በሩ ባይዘጋ ኖሮ ዓይኔ ዛሬ አይኖርም ነበር። ጠዋት ሳየው ጥፍር የሚያክል ስባሪ እንጨቱ ውስጥ ተሰክቶ ቀርቷል። አልነቀልኩትም። እስካሁን እዚያው አለ፣ ለራሴ ማስታወሻ።

ደግሞ የወይን ጠርሙስ ጋዝ ለሌለው መጠጥ ነው የተሠራው። ግፊት አይችልም። የጃም ጠርሙስማ ጭራሽ አይታሰብ።

ሃይድሮሜትር ግዛ፣ ፈሳሹ ከውሃ ምን ያህል እንደሚከብድ ለክቶ የቀረውን ስኳር የሚያሳይ ተንሳፋፊ መለኪያ ነው። ለእንግዶችህ ሌላ ነገር አቅርብ።

---

ቀላል_ይሻላል · ሰኞ ሌሊት

ጋሼ እንዳሉት አትክደነው። ግን ልጁን አናስፈራራው፣ ሥራው ራሱ እጅግ ቀላል ነው። ጁስ፣ እርሾ፣ ትዕግሥት። እኔ ያለ ሃይድሮሜትር ዓመታት ሠርቻለሁ። ዘዴዬ ስድስት ሳምንት መርሳት ነው። ጠርሙሱን ጥግ አስቀምጬ ፎጣ አለብሰዋለሁ። ድፍርሱ ጠርቶ በጠርሙሱ ውስጥ ጋዜጣ ማንበብ ስችል ያኔ እቀዳለሁ።

አንድ ጥያቄ፦ ጁሱ ላይ ምን ተጽፏል? ፖታሲየም ሶርቤት ወይም ሶዲየም ቤንዞኤት የሚል ካለ እርሾው ይቸገራል።

---

ጀማሪ_ጠንሳሽ · ማክሰኞ ጠዋት

ጋሼ፣ ስለ ቁም ሳጥኑ ካነበብኩ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠርሙሶቹን መልሼ ደረደርኳቸው። ሃይድሮሜትር አዝዣለሁ፣ ነገ ይደርሳል።

ጁሱ ላይ «የአፕል ጁስ፣ ቫይታሚን ሲ» ብቻ ነው የሚለው። ስኳር በ100 ሚሊ ሊትር 11 ግራም።

---

ሊሊ_ላብ · ማክሰኞ ጠዋት

ጁስህ ጥሩ ነው። ቫይታሚን ሲ እርሾን አይጎዳም። በሙቀት ከጀርም የጸዳ መሆኑም አይጎዳም፣ እንዲያውም ሌላ ተሕዋስ ስለሌለበት ለጀማሪ ይመቻል። የሚያስቸግሩት ቀላል_ይሻላል የጠቀሳቸው ሁለቱ ናቸው። ሶርቤት እርሾ እንዳይራባ ያግዳል። ሰው እርሾው «ሞቷል» እያለ ሦስት ፓኬት ይደፋበታል፣ ችግሩ ግን ካርቶኑ ላይ ተጽፎ ነበር።

በ100 ሚሊ ሊትር 11 ግራም ማለት በሊትር 110 ግራም ነው። በግርድፉ 17 ግራም ስኳር በሊትር 1 በመቶ አልኮል ይሰጣል። ስለዚህ ሁሉም ከተበላ 6.5 በመቶ አካባቢ ትደርሳለህ። ስኳር አልጨመርክም፣ ጎበዝ። ብዙ ጀማሪ «ይጠንክር» ብሎ ግማሽ ኪሎ ይጨምርና የሚያቃጥል፣ የአፕል ጣዕም የሌለው ነገር ይዞ ይመጣል።

ስለ ጋዙ ደግሞ ይህን ስማ። የስኳሩ ግማሽ ያህሉ ክብደት ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀየራል። ካንተ 4 ሊትር የሚወጣው ጋዝ በድምሩ ከ100 ሊትር በላይ ነው። ያን ሁሉ የሚያስወጣ ቀዳዳ ለምን እንደሚያስፈልግ አሁን ገባህ?

---

ጠርጣራው · ማክሰኞ ከሰዓት

ይቅርታ፣ ክሩን ላቋርጥ። በቤት የተሠራ አልኮል ዓይን ያጠፋል ይባላል። ሜታኖል የሚባለው ነገር። ይህን ማንም አያነሳም?

---

ሊሊ_ላብ · ማክሰኞ ከሰዓት

ተገቢ ጥያቄ ነው። አፕል ውስጥ ፔክቲን አለ፣ ፔክቲን ሲፈርስ ጥቂት ሜታኖል ይወጣል። በሳይደር ውስጥ ያለው መጠን ግን ትንሽ ነው፣ በሱቅ ሳይደርና ወይን ውስጥም አለ። ዓይን የሚያጠፉት ታሪኮች በአብዛኛው የኢንዱስትሪ ሜታኖል የተቀላቀለባቸው መጠጦች ናቸው።

ማጣራት፣ ማለትም አፍልቶ እንፋሎቱን ማቀዝቀዝ፣ ሌላ ጉዳይ ነው። እሱን በቤት አትሞክር። በእሳትም አደገኛ ነው፣ በብዙ አገርም ክልክል ነው። መጠንሰሱም ቢሆን የሚፈቀደው መጠን በየአገሩ ስለሚለያይ የምትኖርበትን ሕግ እይ።

---

ጀማሪ_ጠንሳሽ · ረቡዕ ማታ

መጣ! ለካም። 1.014 ይላል። መጀመሪያ ግን 1.019 ነበር ያነበብኩት፣ ከዚያ ራሱ ወረደ። ተበላሽቶ ይሆን?

---

የጓዳ_ሽማግሌ · ረቡዕ ማታ

አልተበላሸም። የጋዝ አረፋ መለኪያው ላይ ተለጥፎ ሽቅብ አንስቶታል። እንደ እንዝርት በጣትህ አሽከርክረው፣ አረፋው ይረግፋል። ከዚያ ዓይንህን ከፈሳሹ ጋር አስተካክለህ አንብብ። ጠርዙ ላይ ወጣ ያለውን ሳይሆን መካከል ያለውን ዝቅተኛውን መስመር። የለካህበትን ናሙና መልሰህ አትገልብጥ፣ ቅመሰውና ጠጣው። ጀርም ይዞ የሚመለሰው በእሱ ነው።

1.014 ካለ ገና ነው።

---

ሊሊ_ላብ · ረቡዕ ማታ

ጋሼ ጨዋ ስለሆኑ ነው «ገና ነው» ያሉት። እኔ ቁጥሩን ልንገርህ። ሃይድሮሜትሩ ላይ አንዲት ነጥብ፣ 0.001፣ በሊትር ወደ 2.5 ግራም ስኳር ናት። ሳይደር ብዙ ጊዜ እስከ 1.000 ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። ስለዚህ ገና 14 ወይም 15 ነጥብ ቀርቶሃል፣ 37 ግራም ገደማ። 4 ግራም ስኳር ለአንድ ሊትር መጠጥ አንድ ሊትር ያህል ጋዝ ይሰጠዋል። አስላው፦ ከ9 ሊትር ጋዝ በላይ። ቢራ 2.5 አካባቢ ነው። ሻምፓኝ፣ በዚያ በከባድ ጠርሙሱ፣ 6 ገደማ ነው።

አንተ ደግሞ ሰኞ ማታ በወይን ጠርሙስ፣ ተጨማሪ ስኳር አድርገህበት ልትከድነው ነበር።

---

ጀማሪ_ጠንሳሽ · ረቡዕ ሌሊት

እግዚአብሔር ይመስገን ከማለት ሌላ ቃል የለኝም።

እና ታዲያ ለምን ቆመ? ሽታውስ?

---

የጓዳ_ሽማግሌ · ሐሙስ ጠዋት

ክፍልህ ስንት ዲግሪ ነው? ሌሊትም ጭምር ለካ።

---

ጀማሪ_ጠንሳሽ · ሐሙስ ማታ

ለካሁ። ቀን 17፣ ሌሊት 12። መስኮት ስር ነው ያስቀመጥኩት።

---

የጓዳ_ሽማግሌ · ሐሙስ ማታ

ያው ነው እንግዲህ። የዳቦ እርሾ ብርድ አይወድም፣ በ12 ዲግሪ ያንቀላፋል። ከመስኮቱ አርቀህ 18 ወይም 20 ዲግሪ የሚሆን ቦታ አስቀምጠው። በላይ አታሙቀው፣ 25 እና 30 ሲገባ ይቸኩላል፣ ጣዕሙም የአልኮል እሳት ይሆናል። አትነቅንቀው፣ አየር ታስገባበታለህ። ክዳኑንም ለማየት ብለህ በየሰዓቱ አትክፈት። አሁን ከላይ ያለው ክፍተት በጋዝ ተሞልቷል፣ እሱ ነው ጠባቂው። ስትከፍት ጠባቂውን ታባርራለህ።

ፊኛህም አርጅቷል። ኤርሎክ ግዛና ግማሽ ድረስ ውሃ አድርግበት። ጋዝ ይወጣል፣ አየር አይገባም፣ ትንኝም አይገባም። የፍራፍሬ ትንኝ በእግሯ የኮምጣጤ ባክቴሪያ ይዛ ትዞራለች፣ አንዷ ከገባች በቂ ናት።

---

ሊሊ_ላብ · ሐሙስ ማታ

የእንቁላል ሽታው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው። እርሾ ናይትሮጅን ሲያጥረው ያወጣዋል። የአፕል ጁስ ደግሞ በናይትሮጅን ድሃ ነው። አይዞህ፣ አልተበላሸም። በአብዛኛው ከአረፋው ጋር ወጥቶ ያልቃል።

ለሚቀጥለው ጊዜ ገና ስትጀምር መግበው። የእርሾ ምግብ ተብሎ የሚሸጥ አለ። ከሌለህ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የዳቦ እርሾ በትንሽ ውሃ አምስት ደቂቃ አፍላና አቀዝቅዘህ ጨምር። የፈላው እርሾ ይሞታል፣ ሕያው የሆነው ወንድሙን ይበላል። ይዘገንናል ግን ይሠራል። አሁን ግን አትጨምር፣ አልፏል።

---

ፖም_ለቃሚ · ዓርብ

ጥሩ ክር ነው። እኔ በጁስ ሳይሆን በፍሬው ነው የምሠራው፣ ጓሮ ዛፍ ስላለኝ። ማስጠንቀቂያ፦ ቀላል አይደለም። ያለ መጭመቂያ፣ በመፍጫና በጨርቅ ብቻ፣ 10 ኪሎ ፖም ጨምቄ 5 ሊትር አልሞላልኝም። ክንዴ ሁለት ቀን አልታዘዝ ብሎኝ ነበር።

መሬት የወደቀውን አልወስድም፣ የሻገተውንም ሙሉ በሙሉ እጥላለሁ። ሻጋታው ፓቱሊን የሚባል መርዝ አለው። ከመፍጨቴ በፊት ውስጡ ያለውን ዘር አወጣለሁ፣ ዘሩ ሲደቅ ሳያናይድ የሚያወጣ ነገር አለበት። ጁሱ እንደወጣ ካምፕደን የሚባለውን ተሕዋስ የሚገታ ክኒን በ4 ሊትር አንድ ደቁሼ አደርግበታለሁ። 24 ሰዓት ጠብቄ ነው እርሾ የምጨምረው። ወዲያው ከጨመሩት ክኒኑ እርሾውንም ይመታዋል።

---

ቀላል_ይሻላል · ዓርብ

ይኸው፣ ስለዚህ ነው በካርቶን የምገዛው።

ደግሞ ስለ እርሾ ማንም ከመናገሩ በፊት፦ የዳቦ እርሾ ምንም አይለውም። «የወይን እርሾ ካልሆነ» የሚሉ ሰዎች ሰልችተውኛል።

---

ሊሊ_ላብ · ዓርብ

ማን ምን አለህ? ሁለቱም አንድ ዝርያ ናቸው፣ ሳካሮማይሲስ ሴሬቪሲዬ። ልዩነቱ ሰው ለምን ሥራ መርጦ እንዳራባቸው ነው። አንዱ ሊጥ በፍጥነት እንዲያነሳ ተመርጧል፣ ሌላው አልኮል ችሎ፣ ጨርሶ፣ እንዲተኛ።

---

የጓዳ_ሽማግሌ · ዓርብ ማታ

ሁለቱንም ሠርቻለሁ። በዳቦ እርሾ የሠራሁት ይጠጣል። የሚያስጠላኝ አተላው ነው። ልስልስ ብሎ ይተኛና ጠርሙሱን ስታነሳ ጉም ሆኖ ይነሳል። የወይን እርሾ ግን ከታች እንደ ጭቃ ይጠነክራል፣ ላዩን ንጹሕ አድርገህ ትቀዳለህ። ላልቪን ኢሲ-1118 የሚባለው የሻምፓኝ እርሾ በብርድም ይሠራል፣ ምንም ስኳር አይተውም። ግን የአፕሉን መዓዛ ይገፍፈዋል። ለእኔ ምርጫው ኤል የሚባለው የቢራ ዓይነት እርሾ ነው፣ ፍሬው ፍሬው ይላል። አንዱ ፓኬት ብዙ ጊዜ ለ20 ሊትር ስለሚበቃ ለ4 ሊትር ግማሹን አድርገህ ቀሪውን በፍሪጅ አሽገህ አስቀምጥ።

---

ጀማሪ_ጠንሳሽ · ማክሰኞ (19ኛ ቀን)

ቦታ ከቀየርኩ በኋላ ተነሳ! ኤርሎኩ በየ20 ሰከንዱ ብልቅ ይላል። ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት፣ ሥራ ፈት አትበሉኝ። ዛሬ 1.006። ሽታው ጠፍቷል ማለት ይቻላል።

ግን ቀመስኩት። ኧረ ጎበዝ! እንደ አቼቶ ነው። ፊቴ ተጨማደደ። ተበላሸብኝ?

---

የጓዳ_ሽማግሌ · ማክሰኞ ማታ

ኮምጣጤ መጀመሪያ አፍንጫህን ነው የሚወጋው። ብርጭቆውን ስታስጠጋ ገና ሳትቀምሰው ትስላለህ። አንዳንዴም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይሸታል። ያንተ እንደዚያ ነው ወይስ ምላስህ ጎን ላይ ብቻ ነው የሚያጎመዝዘው?

---

ጀማሪ_ጠንሳሽ · ማክሰኞ ማታ

አሁን ደግሜ አሸተትኩት። አፍንጫ አይወጋም። ምላስ ላይ ብቻ ነው።

---

የጓዳ_ሽማግሌ · ማክሰኞ ማታ

እንግዲያው ሳይደር ነው። ጁሱ ውስጥ ያለው ማሊክ አሲድ ድሮም ነበር። ስኳሩ ሸፍኖት ነው። እርሾው መጋረጃውን በላውና አሲዱ ብቻውን ቀረ። ሁሉም ሰው መጀመሪያ ሲቀምሰው ይደነግጣል። ሱቅ የምትገዛው ጣፋጭ የሆነው ከፈላ በኋላ ስለሚያጣፍጡት ነው። ሁለትና ሦስት ወር ሲቀመጥ ይለሰልሳል፣ ደግሞ ጋዝ ሲይዝ ሌላ ሰው ይሆናል።

---

ዝምተኛ_አንባቢ · ረቡዕ

እኔ ጣፋጭ ነው የምወደው። ጋዝም እንዲኖረው። ታዲያ እንዴት ነው ሁለቱ አብረው የሚሆኑት? ስኳር ብጨምር እርሾው ይበላዋል፣ ከዚያ ፍንዳታ።

---

ሊሊ_ላብ · ረቡዕ

የዚህ ሥራ እንቆቅልሽ እሱ ነው። በደንብ አስበሽዋል።

እርሾ የማይበላው ማጣፈጫ አለ፣ ኤሪትሪቶል ወይም ዛይሊቶል። በጥቂቱ ጨምረሽ እየቀመስሽ ትሄጃለሽ። ዛይሊቶል ግን ለውሻ ገዳይ ነው፣ ቤት ውሻ ካለ ኤሪትሪቶልን ያዢ።

ሶርቤትና ሜታባይሰልፋይት (ካምፕደን ክኒን ውስጥ ያለው) አንድ ላይ ማድረግም አለ፣ ግን መፍላቱ ካለቀና ከጠራ በኋላ ብቻ። ሶርቤት የሚሠራ እርሾን አያስቆምም፣ እንዳይራባ ብቻ ነው የሚያደርገው። እርሾው ከተገታ ደግሞ ጠርሙስ ውስጥ ጋዝ አይሠራልሽም፣ ስለዚህ ይህ መንገድ ጋዝ ለሌለው መጠጥ ነው።

ጋዝ የያዙ ጠርሙሶችን በሙቅ ውሃ ነክሮ እርሾውን መግደል የሚያስተምሩ አሉ። እኔ አልመክርም። ግፊት ያለበት መስታወት ላይ ሙቀት መጨመር ነው፣ ፊትሽ ላይ።

---

ቀላል_ይሻላል · ረቡዕ

የእኔ ዘዴ፦ ድራይ ሆኖ (ስኳሩ ሁሉ ተበልቶ)፣ ጋዝ ይዞ ይቀመጣል። ስጠጣ ብርጭቆው ውስጥ አንድ አምስተኛ ያህል ቀዝቃዛ የአፕል ጁስ አደርግበታለሁ። አለቀ። ኬሚስትሪ የለም።

---

ሊሊ_ላብ · ረቡዕ

አንዳንዴ ትክክል ትሆናለህ።

---

ጀማሪ_ጠንሳሽ · ሰኞ (25ኛ ቀን)

0.999! ከላይ መጥራት ጀምሯል። አሁንስ?

---

የጓዳ_ሽማግሌ · ሰኞ ማታ

ሦስት ቀን ቆይተህ ድገም። ሁለቱ ንባብ አንድ ከሆነ አልቋል። አንድ ንባብ ፎቶ ነው፣ መሄድና መቆሙን አይነግርህም።

እስከዚያ ዕቃ አዘጋጅ። ማጠብና ከጀርም ማጽዳት ሁለት ሥራ ነው። ቆሻሻው መጀመሪያ በሳሙና ካልወጣ ሳኒታይዘሩ ሽፋኑን ብቻ ነው የሚያጥበው። መታጠብ የማይፈልገውን ዓይነት ሳኒታይዘር ካገኘህ እሰየው። በረኪና ካለህ ብቻ ደግሞ በጣም አቅጥነው፣ በብዙ ውሃ አለቅልቅ፣ ከኮምጣጤ ጋር ፈጽሞ እንዳታቀላቅል፣ መርዛማ ክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል። የፈላ ውሃ ቀዝቃዛ መስታወት ላይ አታፍስ። አንድ ጥሩ ጠርሙስ እጄ ላይ ለሁለት የተከፈለው በዚያ ነው።

ጠርሙስ ደግሞ የለስላሳ ፕላስቲክ ይሁን። ለጀማሪ ከእሱ የተሻለ የለም። ሲጠነክር በእጅህ ትለየዋለህ፣ ቢብስ እንኳ ስባሪ የለውም። መስታወት ካማረህ የቢራ ወይም የሻምፓኝ ጠርሙስ።

---

ጀማሪ_ጠንሳሽ · ሐሙስ (28ኛ ቀን)

ዛሬም 0.999። እጄ ይንቀጠቀጣል። ስኳሩ ስንት ይሁን?

---

ሊሊ_ላብ · ሐሙስ

በሊትር 6 ግራም። መጠጡ ውስጥ ከፍላቱ የቀረ ጋዝ አለ፣ እሱ ሲደመር በሊትር ከ2 ሊትር ጋዝ ትንሽ በላይ ትደርሳለህ፣ እንደ ቢራ። አተላው ስለሚቀር 3.5 ሊትር ብታገኝ ነው፣ ስለዚህ 21 ግራም። በሚዛን መዝን፣ በማንኪያ አትገምት። በትንሽ ውሃ አፍልተህ አቀዝቅዝና ንጹሕ ድስት ውስጥ አድርግ። ሳይደሩን በቱቦ በላዩ ሳበው፣ ቱቦው ድስቱ ግርጌ ይንካ፣ ሲፈስ አይረጭ። ቱቦውን በአፍህ አትሳብ።

---

ዝምተኛ_አንባቢ · ሐሙስ

በነገራችን ላይ ይህ ስኳር ጨምሮ ጋዝ ማስያዝ ዛሬ የመጣ አይደለም። ክሪስቶፈር ሜሬት የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በ1662 ለንደን ለሮያል ሶሳይቲ ባቀረበው ጽሑፍ ወይን አሻሻጮች ስኳርና ሞላሰስ እየጨመሩ ወይኑን ሕያውና አረፋማ ያደርጉ እንደነበር ጠቅሷል።

ደግሞ ስሙ እንዳያምታታችሁ። አሜሪካኖች «ሳይደር» ሲሉ ብዙ ጊዜ ያልተጣራውን የአፕል ጁስ ነው፣ አልኮሉን «ሃርድ ሳይደር» ይሉታል። እንግሊዞች ጋ ሳይደር ራሱ አልኮል ነው። እኔ በዚህ ምክንያት የሕፃናት መጠጥ መስሎኝ አንድ ብርጭቆ ጨርሻለሁ።

---

ጀማሪ_ጠንሳሽ · ሐሙስ ሌሊት

ጨረስኩ። ሰባት ባለ ግማሽ ሊትር ፕላስቲክ። ወለሉ ተጣብቋል፣ ካልሲዬም። የመጨረሻው ጠርሙስ ትንሽ አተላ ገብቶበታል፣ ክዳኑ ላይ ምልክት አድርጌበታለሁ። አሁን ሁሉም ሲጨመቁ እሺ ይላሉ።

---

ጀማሪ_ጠንሳሽ · ሰኞ

በአራተኛው ቀን ትንሽ ጠንከር ብለዋል።

---

ጀማሪ_ጠንሳሽ · ቅዳሜ

ዛሬ ድንጋይ ናቸው። አውራ ጣቴን ስጫን አይገባም። ልፍራ?

---

የጓዳ_ሽማግሌ · ቅዳሜ

አዲስ የለስላሳ ጠርሙስ ከሱቅ ስትገዛ እንዴት ነው የሚጠነክረው? ልክ እንደዚያ ከሆነ ደርሷል። ግርጌው ተነፍቶ መቆም ካቃተው ነው የምትፈራው። ፍሪጅ አስገባና ቢያንስ ሁለት ቀን ተወው። ሲቀዘቅዝ ጋዙ ወደ መጠጡ ይገባል፣ አተላውም ይጠነክራል። ሞቆ ሳለ ከከፈትከው ጣራ ላይ ትጠጣዋለህ።

---

ጀማሪ_ጠንሳሽ · ማክሰኞ ማታ

ከፈትኩ።

ክዳኑን ቀስ እያልኩ ሳዞር «ጢስስ» አለ። ትናንሽ አረፋዎች ከግርጌው በመስመር መውጣት ጀመሩ። ሳልነቀንቅ፣ አንድ እጄን ከስር አድርጌ፣ አዘቅዝቄ ቀዳሁ። ቀለሙ እንደ ገለባ ነው። ጣት የሚያህል አተላ ያለበትን ጠርሙሱ ውስጥ ተውኩት።

ያን ዕለት ፊቴን ያጨማደደው ጉምዛዜ አሁንም አለ፣ ግን ከጋዙ ጋር ሲሆን ደስ ይላል። መጨረሻ ላይ ትንሽ የዳቦ ሽታ አለው፣ ቀላል_ይሻላል ይቅርታ። ሳልዋሽ ግን መካከሉ ባዶ ነው፣ ውሃ ውሃ ይላል። የሆነ ነገር ይጎድለዋል።

---

ፖም_ለቃሚ · ማክሰኞ ማታ

እንኳን ደስ አለህ! የጎደለው ታኒን ነው። ለመብል የሚበቅል ፖም ታኒኑ ትንሽ ነው። ለሳይደር ተብለው የሚተከሉት ዛፎች ፍሬ ብትገምጠው አፍህን ያደርቀዋል። ለቀጣዩ አንድ ኩባያ ወፍራም ጥቁር ሻይ አፍልተህ አቀዝቅዝና ገና ስትጀምር ጁሱ ላይ ጨምር። ለ4 ሊትር ይበቃል። ሻይ ሻይ አይልም።

---

ጀማሪ_ጠንሳሽ · ማክሰኞ ሌሊት

ነገ 8 ሊትር ልጀምር ነው እንግዲህ። ከሻይ ጋር፣ ከእርሾ ምግብ ጋር፣ ገና ከመነሻው ለክቼ። ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። ያቺ ስባሪ ብርጭቆ አዳነችኝ።

---

የጓዳ_ሽማግሌ · ረቡዕ ጠዋት

እሰይ የእኔ ልጅ። የትልቁን ጠርሙስ አተላስ ምን አደረግከው? ሕያው እርሾ ነበር፣ በቀዳህበት ቀን አዲስ ጁስ ብትገለብጥበት በሰዓታት ውስጥ ይነሳልህ ነበር።

---

ጀማሪ_ጠንሳሽ · ረቡዕ ጠዋት

ደፋሁት፣ ጋሼ። ጠርሙሱንም በሳሙና አጠብኩት።

---

የጓዳ_ሽማግሌ · ረቡዕ ጠዋት

በል ተወው። እርሾ ግዛ። የኤሉን።